ጠብቆ ነው ላልቶ?

ባሌን «አጥብቁልኝ» ብለው የሰየሙት ተማሪዎቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ቅጽል ስሙ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው። ፊደላችን ድምፁ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም፤ የሚለየው አንባቢው በአፉ ነው። እሱ ደግሞ ለዚህች ነገር ነፍሱን ይሰጣል። ሰሌዳው ላይ «አልበላም» ብሎ ይጽፍና ክፍሉን በሙሉ ያስነብባል። ጡጫውን ሲጨብጥ ተማሪው ያጠብቃል፣ መዳፉን ሲዘረጋ ያላላል። «ላ ስትጠብቅ ያልበላው ሌላ ሰው ነው፤ ምስኪን፣ ምናልባት የሚበላው አጥቶ ነው። ላ ስትላላ ግን አልበላም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ጥጋበኛው! ምስኪኑን ከጥጋበኛው እንዳትደባልቁብኝ፤ አጥብቁልኝ!» ይላል። ቤትም ያው ነው። ተጣልተን እየጮህኩበት እንኳ አነጋገሬን ያርመኛል።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የሰፈር ወሬ ከየትም በፊት የሚደርሰው እኔ ቤት ነው። ስለዚህ ባሌ በሕይወቱ የጻፈው አንድ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ምን ጣጣ እንዳመጣብን ከሱ በፊት የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ማድረቂያው ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ደንበኛዬ፣ የማድረቂያውን ጩኸት በጩኸት እየበለጠች፣ «ሸጦ አደር እኮ የባልሽ ወንድም ነው አሉ!» አለችኝ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ።

ሸጦ አደር የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ነው። የእናቱን ቤት ከላይዋ ላይ ሸጦ ገንዘቡን ጠጥቶ የጨረሰ ታላቅ ወንድም። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ የእናታቸውን ቤት በእርግጥ ሸጠዋል። የሸጡት ግን እናታቸውን ለማሳከም ነው። ብረት በያጅ ናቸው። አባት ሲሞት ታናሻቸውን ያሳደጉትም ያስተማሩትም በዚያ በብየዳ እሳት ዓይናቸውን እያስለቀሱ ነው። መጠጥ በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ባሌ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። «ታዲያ ለምን?» ስለው፣ «ልብ ወለድ ነው፤ ታሪኩ ሰካራም ፈለገ» አለኝ። «ላንተ ልብ ወለድ ነው። ጋሼ ግን የቤት ቁጥር አላቸው» አልኩት። ያኔ አልገባውም። መጽሐፉ ብዙም ሳይሸጥ ቀረ፤ ስሙ ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ጋሼ ሱቅ ሲገቡ ወሬ ይቆማል፣ ሲወጡ ሳቅ ይነሳል። ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፣ ኩርፊያውም ከልጃችን ጋር አብሮ አደገ። ልጅቷ ስትዳር እንኳ ጋሼ ሠርጓ ላይ አልተገኙም።

ከዚያ የባሌ ጉሮሮ ይሻክር ጀመር። ጉንፋን ነው ስንል፣ የጠመኔ አቧራ ያመጣው ነው ስንል፣ ሐኪሙ ማንቁርቱ መውጣት አለበት አለን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ መናገር ግን የለም። ባሌ የጠየቀው ስለ ሞት አልነበረም። «እስከ መቼ ነው የምናገረው?» አለ። ሐኪሙ የቀጠሮውን ሰኞ ነገረውና፣ «እስከዚያው ድረስ ድምፅዎን ይቆጥቡ፤ እየደከመ ነው የሚሄደው» አለው።

ቤት ስንደርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ጋሼን ይቅርታ ሳልጠይቀው ድምፄ ከሄደ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለኝ። በማግስቱ ወደ ጋሼ ብየዳ ቤት ሄድኩ። መከላከያውን ከፊታቸው ላይ ቀና አድርገው ሁሉንም ሰሙኝ። ሲያዝኑ አየሁ፤ አላዘኑም አልልም። ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እኔን ያዋረደኝ ጓዳ ውስጥ አይደለም፣ አደባባይ ላይ ነው» አሉ። «ይቅርታውንም እዚያው ያምጣው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ወንድሜ ቤቱን የሸጠው እናታችንን ለማሳከም ነው፣ የጻፍኩት ውሸት ነው ይበል። በገዛ አፉ። እኔም ተቀምጬ ልስማው። ሌላ ከሱ ምንም አልፈልግም።»

የት አባታችን አደባባይ እናገኛለን ብዬ ስብሰለሰል፣ የከተማው የመጻሕፍት ሳምንት አዘጋጆች ደወሉ። «ደራሲው ከአንባቢው ጋር» የሚል ዝግጅት አላቸው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ከቀዶ ጥገናው ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ። ከፈጣሪ የተላከ መሰለኝ። ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ጉልበቴ በእግር አያስኬደኝም» አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር። የልጃችን ባል በመኪናው ሄዶ ሊያመጣቸው ቃል ገባ። ባሌም በዕለቱ ጠዋት በስልኩ ጻፈላቸው፤ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል መሆኑ ነው፤ «ጋሼ፣ አማቻችን በመኪና ይመጣልሃል። እጠብቅሃለሁ።»

አዳራሹ ስንደርስ የኛ ዝግጅት ከአዳራሹ ተዛውሮ ነበር። «በሰባት ቀን ሀብታም መሆን» የሚል መጽሐፍ የጻፈ ጎረምሳ ሰው ስለበዛለት ትልቁን አዳራሽ ለሱ ሰጥተውታል። እኛን ከኋላ ወዳለች የስብሰባ ክፍል ወሰዱን። ጥግ ላይ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ ከመስኮቱ ውጭ ጀነሬተር ያጓራል። ፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ አስተማሪያቸው በግድ የላካቸው ተማሪዎች፣ ፀሐይ ሸሽተው የገቡ ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም የትም ዝግጅት ላይ የማይጠፋ አንድ ግጥም ጻፊ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ለጋሼ ወንበር ይዤ ሹራቤን አኖርኩበት። አንዲት ሴትዮ ልትቀመጥበት ስትል፣ «ሰው አለው» አልኳት። እንዲህ ማለቴ ራሱ ደስ አለኝ።

ባሌ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ውኃ እየተጎነጨ ነበር። የሚናገረውን በቃሉ ይዞታል፤ ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ሲለማመድ ከርሟል። ስልኩ ተንጫረረ። አወጣና መነጽሩን ሳያደርግ፣ ክንዱን ዘርግቶ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጥፍት አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«አልመጣም አለ።»

ጣን አላላት። በዚያ በሻከረ ድምፁ እንኳ ጥርት አድርጎ ነው ያላላት፤ እንደ ክፍል ውስጥ። ጋሼ እምቢ አሉ፤ ሄጄ አልሰማውም አሉ ማለት ነው። ባሌ ስልኩን ጭራሽ አጠፋና ኪሱ ከተተው።

እኔ ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት በታመመ ወንድሙ ላይ እንዲህ ይጨክናል? ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ለአማቼ ደወልኩለት።

«እማዬ፣ ለዝግጅቱ ብለው መንገዱን ዘግተውት ተቀርቅሬ ነው። አሁን ሊለቁን ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ።

«ተመለስ ልጄ። ጋሼ አልመጣም ብለዋል።»

«እንዴ! ጠዋት ስደውልላቸው ከረባት ማሰር ጠፍቶኛል እያሉ ሲስቁ ነበር እኮ።»

«ሐሳባቸውን ለውጠዋላ። ተመለስ።»

ቃሉን የሰማሁት ከአጥብቁልኝ አፍ ነው፤ ማንን ልጠራጠር?

ስመለስ መድረክ መሪው መጣሁ መጣሁ እያለ ድምፅ ማጉያውን እየመታ ይሞክራል። ወደ ባሌ ጆሮ ተጠጋሁና፣ «መጡም ቀሩም ተናገረው። ሰው አለ፣ ነገ ሄዶ የሚነግራቸው አይጠፋም» አልኩት።

«ለማን ልናገረው? ለጀነሬተሩ?» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የተከፋ ሕፃን ነው የሚመስለው። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ አውቅበት ነበር፤ ሲከፋው ግን አልችልበትም።

መድረክ መሪው መጽሐፉን አላነበበውም። የጀርባውን ጽሑፍ አነበበልንና «መጻፍ እንዴት ጀመሩ?» ብሎ ጠየቀ። ባሌ መለሰ። አንዱ ሽማግሌ የዛሬ ወጣት ለምን እንደማያነብ ጠየቁት፤ ያንንም መለሰ። አንዲት ልጅ አሳታሚ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቀችው፤ ያንንም። ግጥም ጻፊው ጥያቄ አለኝ ብሎ ተነሳና ግጥሙን አነበበ፤ ባሌ ስለ ግጥሙ አስተያየት ስጥ ተባለና እሱንም ሰጠ። እያንዳንዱ መልስ ድምፁን ሲበላው ይታየኛል። የመጨረሻዋን ድምፁን ለጋሼ ብሎ ያስቀመጠው ሰውዬ፣ ለመጣው ሁሉ ሲበትናት ተቀምጬ አየሁ። በቃ በላቸው ብዬ በእጄ ምልክት አሳየሁት። አላየኝም፣ ወይም አይቶ ተወኝ።

በመጨረሻ አንድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፣ ስልኩን ለቀረጻ ደግኖ፣ «መምህር፣ ሸጦ አደር የሚባለው ገጸ ባሕርይ እውነተኛ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው?» አለ።

የይቅርታው በር በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? ባሌ ባዶውን ወንበር፣ ሹራቤን፣ አየ። ተናገረው፣ ተናገረው እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አስጠጋና፣

«እውነተኛ ሰው ነው። አሁንም አለ» አለ። «ልቡም ያው ነው፤ ለማንም አይመለስም።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እስከዚያ ሲያዛጉ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። መድረክ መሪው፣ «ድንቅ መዝጊያ!» አለና አመሰገነ። ባሌ ከተናገረ በኋላ ነው የደነገጠው። አፉን ከፍቶ ሌላ ሊጨምር ሲል ድምፅ ማጉያውን ወስደውበት ነበር።

ቤት ገብተን ሶፋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን ከፈተ። መልእክቶቹ ተራ በተራ ይገቡ ጀመር። መነጽሩን ማግኘት አቅቶት ለኔ አቀበለኝ፣ እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁሉም ከጋሼ ናቸው። በአንድ ጣት ስለሚጽፉ ቃል አያበዙም።

«አልመጣም» ይላል የመጀመሪያው። እሱን እናውቀዋለን ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

«አሁንም አልመጣም። መንገድ ጠፍቶበት ይሆን?»

«ደጅ ወጥቼ ቆሜያለሁ።»

«ልብሱ ሞቀኝ። ግን አላወልቅም፣ ከረባቱን ጎረቤት ነው ያሰረልኝ።»

ከዚያ የመጨረሻው፤ «ቪዲዮውን ያው ጎረቤት አሳየኝ። ገባኝ።»

ባሌ ስልኩን ከእጄ ነጠቀና ወደ መጀመሪያዋ ቃል ተመለሰ። ዓይኑ ላይ አስጠግቶ፣ ከዚያ አርቆ፣ ከዚያ እንደገና አስጠግቶ አያት። ከዚያ ጣን አጥብቆ አነበባት። አንድ ጊዜ ብቻ። አማቻችሁ አልመጣም፤ መኪናው አልደረሰም፤ እኔ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ያሉት ይህን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምስኪኑን ከጥጋበኛው አትደባልቁብኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ወንድሙን ደባለቀው። እምቢ ይለኛል ብሎ ሲፈራ ስለከረመ፣ የፈራውን ነው ያነበበው።

ጋሼ ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የብረቱን በር፣ ራሳቸው የበየዱትን፣ ደጋግሜ አንኳኳሁ። ከፍተው ቆሙ። ሙሉ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ከረባቱ ብቻ ላልቶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ግቡ አላሉንም። ባሌ አፉን ከፈተ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ነፋስ። የቀረችውን ድምፅ ሁሉ ለአሳታሚና ለግጥም ጨርሷት መጥቷል። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። መልእክቱን እንዴት አላልቶ እንዳነበበው፣ አማቻችንን እንዴት እንደመለስኩት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ባይስቁ ይሻለኝ ነበር።

«አላልቶ አነበበው? ማን? አጥብቁልኝ?»

«እውነቴን ነው ጋሼ። በልጄ እምላለሁ።»

«አንቺን አምንሻለሁ፤ ያለሽን ነው የምትይኝ። እሱን ነው የማላምነው። ይሄ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ አነጋገሬን ሲያርመኝ ያደገ ነው። ከሰበብ ሁሉ መርጦ ለሱ የማይሆነውን አመጣ። መኪናው ተበላሸ ብትሉኝ እኮ አምን ነበር።»

ባሌ ጡጫውን እየጨበጠ ያሳያቸው ጀመር። ጠብቆ ነበር፣ ጠብቆ ነበር ማለቱ ነው። ምልክቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ተምረው አያውቁም። የተጨበጠ እጅ አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ደግሞ ልትማታ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «አደባባዩ አልፏል። ይሄ ጓዳ ነው።» በሩን ሳያላጉት ዘጉት።

እሑድ አዘጋጆቹን ደጅ ጠናሁ። የመጻሕፍት ሳምንቱ መዝጊያ ላይ አንዲት ደቂቃ ስጡን አልኩ። ፕሮግራሙ ሞልቷል፣ ዘፋኝ ይመጣል አሉኝ። ባሌ ይቅርታውን ጻፈና ልጃችን፣ ተማሪው ኢንተርኔት ላይ ከለቀቀው ቪዲዮ ሥር ለጠፈችው። ከላዩ ሰው ይስቃል፣ ከሥሩ ሰው ይስቃል፤ መሐል ላይ እሱን ማን ያነባል? ደግሞም ጋሼ በገዛ አፉ ነበር ያሉት።

ሰኞ አፉን ወሰዱበት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንገቱ ላይ በተበጀለት ቀዳዳ ይተነፍሳል። ነርሷ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና እስክሪብቶ ሰጠችው። ሰላምታ እንኳ ሳይጽፍ የጻፈው «ጋሼ?» የሚል ነው። የሐኪም ቤቱ ጠያቂ መግቢያ ሰዓት ሲደርስ ዓይኑን ከበሩ ላይ አይነቅልም። የሌሎች በሽተኞች ወንድሞች ብርቱካን ይዘው ይገባሉ። የነሱን ኮቴ ሲሰማ ከትራሱ ቀና ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል።

አላስችል ብሎኝ አንድ ጠዋት ብየዳ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ሥራ ላይ ነበሩ። መከላከያውን ፊታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙልኝ፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «መናገር አይችልም፤ ብቻ ያይዎታል» አልኳቸው። «ልጅነታችሁን ያስቡና አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉ።»

«አልመጣም» አሉኝ።

ጣን አላሏት። ደግሜ ልጠይቅ አላስፈለገኝም፤ ቃሏ ስትላላ ምን ማለት እንደሆነ ከባሌ ተምሬያለሁ። ወደ እሳታቸው ጎንበስ አሉ። ቅዳሜ ዕለት ባሌ የተሳሳተበት ንባብ አሁን ልክ ሆነ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ሰሌዳውን አስቀድሞ ጽፎበት፣ ደረቱ ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። «ምን አለ?» ይላል። ከየት እንደመጣሁ ልብሴ ላይ ከቀረው የብየዳ ሽታ አውቋል። መንገዱን ሙሉ ሳስብበት ነበር። ውሸት መናገር አልፈለግሁም፤ እውነቱንም ማቅመስ አልቻልኩም። ባጠብቃት አልዋሽም። በሩን ያያል፣ ጋሼ የለም፤ አልመጣም። እስካሁን አልመጣም፤ ነገ ግን ማን ያውቃል? ስትጠብቅ ቢያንስ ነገ የምትባል ነገር አለችባት።

«አልመጣም» አልኩት። ጣን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኳት።

ባሌ አፌን አየ። ተማሪ ፈተና ላይ ሲሰርቅ እንደሚያየው ነው ያየኝ። ሰሌዳውን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣ። ጡጫውን ጨብጦ ወደኔ ቀና አደረገው፤ ጠብቆ ነው? ማለቱ ነው። ጡጫውን ሳያወርድ ይበልጥ አስጠጋልኝ፤ አዎ በይኝ ይላል። አዎ ልለው ነበር። ሰላሳ ዓመት ሲያርመኝ የኖረን ሰው ግን፣ በዚህች በአንዲት ፊደል ማታለል አልቻልኩበትም።

እጁን ያዝኩና፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ከፈትኩለት።